ልጁን በእግሯ ያስኬደ ነጋዴ

አብዱልሀሚድ ልጁን ከበቅሎዋ ላይ አንሥቶ መንገዱ መሃል አቆማት።

"ከዚህ በእግርሽ ነው" አላት።

ሐሙስ ነበር፤ የአልዩ አምባ ገበያ ቀን። ከኋላ የሚመጡት ገበያተኞች ቆመው አዩ። የዘጠኝ ዓመቷ ሰሊሃ ግራ እግሯን ቀስ አድርጋ መሬት አስነካች። ፊቷ ተጨማደደ። ከዚያ ተራመደች።

"ያ አላህ! በቅሎዋ ባዶዋን፣ ልጅ በእግሯ!" አለች ጎረቤታቸው ሙስሊማ፣ የሽንኩርት ኬሻዋን እንደተሸከመች። "አንተ ሰውዬ፣ ለበቅሎ አዝነህ ነው?"

"የበቅሎዋ ጉልበት ደኅና ነው። መሥራት ያለበት የሰሊሃ ነው።"

አብዱልሀሚድ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ከቆላ በርበሬና ሽንኩርት ጭኖ አንኮበር ያወጣል፤ ገብስና ባቄላ ይዞ ይወርዳል። ሰሊሃ ስድስት ዓመት ሲሆናት ጉልበቷ አበጠ። ወጌሻ አሻት፤ ባሰባት። ያኔ ሰፈሩ የሚያውቀውን አደረገ፤ ተሸከማት። እዚያ አገር የታመመ ሰው አይራመድም። ቃሬዛ የሌለው መንደር የለም፤ ትከሻውን ከቃሬዛ ያሸሸ ወንድ ስሙ በክፉ ይነሣል። እናቷ ወደ ጓሮ፣ አጎቶቿ ወደ ጎረቤት፣ አባቷ ወደ ሁሉም ቦታ ተሸከሟት። በስምንት ወር ግራ ጉልበቷ መዘርጋት አቃተው።

ደብረ ብርሃን ያየቻት ዶክተር ፅጌረዳ ነገሩን አላለሳለሰችም።

"የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ለዓመታት አብሯት ሊኖር ይችላል፤ መድኃኒቱ ያስታግሠዋል። ጉልበቷን ያጠፈው ግን መሸከማችሁም ነው። አሁን ካልተንቀሳቀሰ ታጥፎ ይቀራል።"

"አመመኝ ስትልስ?"

"ያማታል። ምን ያህል እንደሆነ እሷን ይጠይቋት።"

ሕመምን ከአንድ እስከ አሥር የሚለካው የሐኪም ቁጥር ለሰሊሃ አልሆነም። አባትና ልጅ መለኪያ ከቤታቸው ሥራ ወሰዱ፤ ባዶ፣ ግማሽ ጭነት፣ ሙሉ ጭነት። ሕመሙ ባዶ ሲሆን መንገዱን በሙሉ በእግሯ ትሄዳለች። ግማሽ ሲሆን እኩሌታውን። ሙሉ ሲሆን ከበቅሎ አትወርድም፤ በዚያም ቀን ቢሆን ጉልበቷን በሞቀ ጨርቅ ሸፍነው ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው ይዘረጉታል።

አንድ ጊዜ ተሳሳቱ። ሙሉውን ግማሽ ብላ ዋሸችው። በእግሯ ስትሄድ "ጎበዝ" ስለሚላት ነበር። ጉልበቷ አራት ቀን አበጠ። ከዚያ ወዲህ "ጎበዝ" የሚላት እውነቱን ስትነግረው ብቻ ነው። በእጁ ጀርባም ጉልበቷን ይዳስሳል፤ ካተኮሰ ክርክር የለም።

ያን ሐሙስ ጠዋት "ግማሽ" አለችው። ጉልበቷም አላተኮሰም።

ጥቂት እንደሄዱ የሰፈሩን ቃሬዛ ተሸካሚዎች የሚያዙት ሼህ ዓብዱራህማን ከትልቁ ልጃቸው ጋር ደረሱባቸው።

"አብዱልሀሚድ፣ አታሳፍረን እንጂ። ሰፈሩ ትከሻ አጥቶ ነው?"

"አላጣም፣ አባቴ። ጉልበቷን ያጠፈው የሁላችንም ትከሻ ነው። የእኔ ይብሳል።"

ሽማግሌው ልጃቸውን በዓይን ጠቀሱት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሰሊሃን አፈፍ አደረጋት።

"አልጠየቅከኝም!" ብላ ጮኸች።

"ምኑን?"

"ስንት ጭነት እንደሆነ!"

ሰውየው አባቷን አየ። አብዱልሀሚድ በአገጩ ወደ ሰሊሃ አመለከተው።

"እሺ፣ ስንት ነው?"

"ግማሽ። ግማሽ ከሆነ ከዚህ በእግር ነው። አውርደኝ።"

ሙስሊማ ሳቋ አመለጣት። "አውርዳት እንጂ! ካዲዋ ፈርዳለች።"

አወረዳት። ሼህ ዓብዱራህማን ቀስ ያለ እርምጃዋን አዩ። ከዚያ ከኋላዋ ገብተው መንገዱን ያዙ፤ "ቀስ በሉ፣ አትግፉ፣ ልጅ እየሄደች ነው" እያሉ ገበያተኛውን ከነአህያው ገቱት። አንድ በርበሬ ነጋዴ ገበያው ሊያልፈኝ ነው ብሎ አጉረመረመ። "በርበሬህ አይበሰብስም" አሉት።

ሰሊሃ ሁለት ጊዜ ዐረፈች። ገበያው ጫፍ ስትደርስ እንባዋ ይወርድ ነበር።

"አሁንስ?" አላት አባቷ።

"ከግማሽ አለፈ።"

"ጎበዝ።"

ሲመለሱ መንገዱን በሙሉ በበቅሎ ሄደች።

ሰኔ ላይ ዶክተር ፅጌረዳ ጉልበቷን ለካች። ካለፈው ልኬት በዘጠኝ ዲግሪ ተዘርግቷል።