የአያቴ ሬዲዮ
ከገበያ ወደ ቤት ሽቅብ ስወጣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሌ እንደ ጢንዚዛ ጥዝዝ ይላል፤ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል። መካኒኩ «ዳገት ሲበዛበት ሞተሩ ከባትሪው ብዙ ይስባል» ብሎኛል።

የሞተርን ጥዝዝታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ዓይነ ስውሩ አያቴ ቀኑን የሚገፉት በሬዲዮ ነበር። እኔ ደግሞ ሲያሸልቡ ባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ፣ ከተሰበረ ቴፕ በፈታሁት ትንሽ ሞተር ጥዝዝ የሚል የወረቀት ማራገቢያ አሽከረክርባቸው ነበር። አንድ ቀን ሬዲዮው ጭራሽ ዝም አለ። አያቴ ድንጋዮቹን በጥርሳቸው ነከስ ነከስ አድርገው ፀሐይ ላይ አሰጧቸው።

«ምን ነካቸው፣ አባባ?» አልኩ።

«የሚዞር ነገር ከሚያወራ ነገር ይበልጥ ይበላል፣ ልጄ።»

የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ።

ዛሬ ዳገቱ መሐል ሞተሩን አጥፍቼ በእጄ እየገፋሁ ወጣሁ። ለካ አያቴ የማራገቢያዬን ጥዝዝታ ይሰሙ ነበር፤ ጆሯቸው እኮ ደህና ነበር።