የሚረሳው ፒንሳ

አጎቴ በየጠዋቱ የመሣሪያ ሳጥኑን ይከፍትና የዕለቱን የሚረሳ ዕቃ ይመርጣል። አንዱን ካቻቢቴ ያነሳል፣ በአውራ ጣቱ ያሸዋል፣ ይመልሰዋል። ከዚያ ፒንሳውን ያነሳል። ሩቅ አገር የሚሄድ ልጅ እንደሚሸኝ ሁሉ እጀታውን በጨርቅ ወልውሎ ከላይ ያስቀምጠዋል።

ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ የሞተ ፍሪጅ ያስነሳል፤ ገንዘብ መጠየቅ ግን ለእሱ ሞት ነው። የሚጽፈውን ሒሳብ ያየ ሰው ባለዕዳው እሱ ይመስለዋል፦ «ጋዝ ተሞልቷል፣ ቴርሞስታት ተቀይሯል፣ ክፍያው ሲመችዎት።» ደንበኞቹም ቃል አክባሪ ናቸውና እስኪመቻቸው ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ ዘዴ ፈጠረ። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ አንድ ዕቃ ጥሎ ይሄዳል፤ በሳምንቱ «ይቅርታ፣ ፒንሳዬን ረስቼ» ብሎ ያንኳኳል። ፊቴን ሲያዩ ዕዳቸው ትዝ ይላቸዋል ብሎ ነው። ትዝ የሚላቸው ግን ፒንሳው ብቻ ነው። ሰፈሩ «አቶ ረሳሁ» ይለዋል።

«አንተ ሰውዬ፣» ትለዋለች ሚስቱ፣ «‹ሲመችዎት› እያልክ ስትጽፍ አከራያችንም ‹ሲመቻችሁ› የምትለን መሰለህ?»

አከራይዋ እንዲያ አላለችም። የጥገና ሱቅህን ኪራይ እስከ ዓርብ ካልከፈልክ ቁልፉን አስረክብ አለችው። ኪራዩን የሚሸፍነው ሦስት ትልልቅ ማቀዝቀዣ የጠገነለት አንድ ሆቴል ያለበት ዕዳ ነበር። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አጎቴን ባየ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ሒሳብ ሠራተኛዋ ወጥታለች» ይላል፤ እሷ እዚያው አጠገቡ ሻይ እየጠጣች።

ዓርብ ጠዋት ሚስቱ «ባዶ እጁን እንዳይመለስ» ብላ እኔን አስከተለችው። እኔን! ባለሱቅ መልስ ሲያጎድልብኝ አመስግኜ የምወጣዋን።

የሆቴሉ ዘበኛ በር ላይ ጠበቀን። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ለአጎቴ ሰጠው። ባለፈው ሳምንት እዚያ ጥሎት የሄደው ፒንሳ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዳይደክሙ ብለው ነው። እዚሁ በር ላይ ስጣቸው ተባልኩ።»

አጎቴ ፒንሳውን ይዞ ቆመ። የሚገባበት ሰበብ አልቆበት ነበር። በዓይኑ «እንመለስ?» አለኝ። እኔም በዓይኔ እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም።

«ሱቁስ?» አልኩት፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

ገባን። ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ ፒንሳውን አየና ሳቀ።

«አንተ፣ ዕቃህን አልሰጡህም እንዴ? ደግሞ ምን ረሳህ?»

ሒሳብ ሠራተኛዋ ሻይዋ ትን አላት።

«ገንዘቤን» አለ አጎቴ።

ከሁላችንም ይበልጥ የደነገጠው ራሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ታዲያ እስከዛሬ ብትናገር ምን ነበረበት?» ብሎ ጠፋ ሲለው የከረመውን ማህተም ከኮቱ ኪስ አወጣ። ሒሳብ ሠራተኛዋም ከሄደችበት ተመለሰች፤ ከወንበሯ ሳትነሳ። ገንዘቡ ተቆጠረ፣ ሱቁም ተረፈ።

አሁን ታሪኩን ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል። «ገንዘቤን» የምትለዋ ቃል በተወራች ቁጥር ድምጿ እየወፈረ ሄዶ፣ ሰሞኑንማ ጠረጴዛ መምታት ጀምራለች።

«ጻፊው እንጂ የኔ ልጅ» ይለኛል። «አንዷን ነገር ብቻ ተዪልኝ።»

ገንዘቡን ለመቀበል ሁለት እጁን ሲዘረጋ ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የምር ረሳው። መንገድ ላይ ትዝ ሲለው «ተመለስና ውሰደዋ» አልኩት።

«ከፍለውኝ ሳለ ምን ብዬ እገባለሁ?» አለኝ።

ከተቀበለው ገንዘብ ላይ አዲስ ፒንሳ ገዛ።