ጋሽ ወርቁ ያላስከፈቱት ክዳን

ጋሽ ወርቁ መርሳ ላይ ለሠራዊቱ ውሃ የሚያመላልሱ የግል ቦቴዎችን ይቆጣጠራሉ። መኪኖቹ የነጋዴዎች ናቸው፤ በኮንትራት ነው የሚሠሩት። ቦቴው ከግራና ከተማ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ከመቅዳቱ በፊት ክዳኑን አስከፍተው፣ አንገታቸውን አስገብተው ያሸታሉ። ትናንት ናፍጣ የጫነ ዛሬ ውሃ ሊጭን ይመጣልና።

ባለፈው ሰኔ አንዱን ሳያስከፍቱ አሳለፉት። ሹፌሩ ታጥቧል ብሎ በሚካኤል ማለ። በሚካኤል የማለን ሰው ክፈት ማለት ውሸታም እንደ ማለት ስለሆነባቸው አፈሩና ፈረሙ። ወታደሮቹ የናፍጣ ሽታው ቢያስጠላቸውም ሌላ ውሃ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ አስመልሷቸው ተሻላቸው፤ ወባ ያደከመው አንዱ ግን ሞተ። ሐኪሙ ወባ ነው አለ፤ ጋሽ ወርቁን የጠየቀ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሻያቸው ናፍጣ ይሸታቸዋል። ጠበሉም።

ትናንት ጠዋት ፍቅሩ የሚባል ሹፌር መጣ።

"ጋሽ ወርቁ፣ ይሄ ቦቴ ከሙሽራ በላይ ታጥቧል እኮ! በሚካኤል!"

"አትማልብኝ! ክፈተው።"

አንገታቸውን አስገቡ። ናፍጣ ሸተታቸው።

"መልሰው።"

"ምን አድርጎ? ሰዎቹ ውሃ ካዩ ሁለት ቀናቸው ነው!"

የጉድጓዱን ሞተር የምታስነሳው አሲያ ተጠርታ ቦቴው ላይ ወጣች፤ አሸተተች።

"ወላሂ ምንም የለውም። አንቱን ባለፈው የእኔ ባልዲም ሸቶዎት ነበር።"

ጋሽ ወርቁ እዚያው ቦቴው ላይ ቁጭ አሉ። አፍንጫቸው ከድቷቸዋል። የቀራቸው የሰው ቃል ነው፤ የሰው ቃል ደግሞ አንዴ አምነው አይተውታል።

"ቅዳ" አሉ በመጨረሻ። ፈርመው ጋቢና ገቡ።

"ወዴት ነው ጋሼ?"

"አብሬህ ነኝ። መጀመሪያ የምጠጣው እኔ ነኝ።"

እስከዚያ ቀን ረግጠውት በማያውቁት ካምፕ፣ ጀሪካን ይዘው በተሰለፉ ወታደሮች ፊት ሁለት ኩባያ ጠጡ።

"አንድ ሰዓት ታገሡኝ።"

"ሽማግሌው ብቻቸውን ሊጨርሱት ነው እንዴ!" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

ጋሽ ወርቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ያዳምጣሉ። አፋቸው ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ሆዳቸው ግን ዝም ብሏል። ሰዓቱ ሲሞላ ተነስተው ቧንቧውን በእጃቸው ከፈቱት። የመጀመሪያው ልጅ ሲጠጣ ግን ማየት አልቻሉም።