የሐርተሼክ ጥቁር ጭቃ

ረቡዕ ጠዋት፣ ጅጅጋ

ከጅጅጋ የወጣነው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መድረሻችን ሐርተሼክ አጠገብ ያለች መንደር ነበረች፤ የምናመጣው ደግሞ ጭቃ። ጭቃው ያለው ኤዶ ሆዳን በሚባሉ ሴት ብርካ ውስጥ ነው። ብርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ሲሆን፣ በበጋ ሰውም ፍየልም የሚጠጣው ከዚያው ነው። አምና አንድ ሰው አፋፉ ላይ አሮጌ የመኪና ባትሪ ሲሰብር ከረመና ዝናቡ ፍርስራሹን ጠርጎ አስገባው። ኬሚስትሪ በማስተምርበት ኮሌጅ ጭቃውን መርምረን እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን አገኘንበት። ኤዶ ሆዳን ከዚያ ወዲህ ብርካውን ዘግተው ውሃ ከቦቴ ይገዛሉ። ዝናቡ ሊጀምር ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው። ጭቃው እንዴት መውጣት እንዳለበት እስከዚያ ካልታወቀ አዲሱም ውሃ ይበላሻል።

የኮሌጁን ፒካፕ የሚነዱት ጋሽ ተስፋዬ ናቸው። አያታቸው ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ሶማሊኛን ከአማርኛ እኩል የሚናገሩ የጅጅጋ ልጅ ናቸው። ቀብሪበያህ ከተማ ቆመን አንጀሮ የሚባለውን ስስ የሶማሌ እንጀራ በጉበት በላን፤ ቅመም የበዛበት ሻይ ሃያ ብር ነው።

«እርሳስ እንዳለው ካወቃችሁ ሌላ ምን ቀረ?» አሉኝ።

«ያለው ከማን ጋር እንደሆነ አናውቅም። ከሰልፈር ጋር ብቻ ከተጣመረ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል። ኦክስጅን ከገባበት ግን ያሰጋል። ይህን የሚለይ መሣሪያ ያለው ውጭ አገር ነው። በራጅ ነው የሚሠራው።»

«ሐኪም ቤት ያለው ራጅ?»

«ዘመዱ ነው። የራጁን ጉልበት ትንሽ በትንሽ እየጨመርን እንሄዳለን። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ልክ አለው፤ እዚያ ሲደርስ ጨረሩን በአንዴ መምጠጥ ይጀምራል። ግራፉ ላይ ዝላይ ሆኖ ይታያል። ሰልፈር ኦክስጅን ሲከበው ዝላዩ ወደ ከፍተኛው ጉልበት ይሸሻል። ከእርሳሱ ዝላይ በኋላ የሚመጡት ትንንሽ ሞገዶች ደግሞ አጠገቡ ማን እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግሩናል።»

«እንደ ቀበሌ መታወቂያ ነው በይኛ፤ ጎረቤት ካልመሰከረ አይሰጥም።»

ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ለተማሪዎቼም አላገኘሁም።

ሐርተሼክ፣ አራት ሰዓት

ከአስፋልቱ ስንወጣ ሜዳው ዓይን እስኪደክም ጠፍጣፋ ሆነ። የድሮው የስደተኞች ሰፈር ከነበረበት ቦታ የድንኳን ማስያዣ ድንጋዮች በረድፍ ቀርተዋል። ግመሎች መንገዱን ዘግተው ሩብ ሰዓት ያህል አቆሙን።

ኤዶ ሆዳን በር ላይ ተቀበሉን። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ይጠራቸዋል። ጓንት አድርጌ በመሰላል ወረድኩ። ከታች ከቀረው ጥቂት ውሃ ሥር ጭቃው እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጥቁረቱ የብረትና የሰልፈር ጥምረት ነው። ደስ አለኝ። አየር ያልነካው ጭቃ ነበር፣ አየር እንዳይነካውም ይዤው መመለስ ነበረብኝ። የሥራ ባልደረባዬ ናሙናውን ይዛ ዓርብ ትበራለች፤ መሣሪያው ላይ የተሰጠን አንድ ቀን ብቻ ነው። ናሙናው በመንገድ ከተቀየረ ግራፉ የሚነግረን ስለ ብርካው ሳይሆን ስለ ጉዟችን ይሆናል።

አራት የብርጭቆ ጠርሙስ ሞልቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኩና ምሳ ተጠራን። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ።

ስንነሳ በረዶ የያዘውን ሳጥን ከፈትኩ። ጠርሙሶቹን ሳነሳ አራቱም ነጭ ነበሩ።

«የግመል ወተት ነው» አሉ ኤዶ ሆዳን፤ ጋሽ ተስፋዬ ተረጎሙልኝ። «አጥቤ፣ በእንጨት ጭስ አጥኜ ነው የሞላሁት። መንገድ ላይ አይበላሽባችሁም።»

«ጭቃውስ?»

«ከጓሮ ደፋሁት። እንግዳ ከቤቴ ጭቃ ተሸክሞ ሲወጣ ሰው ምን ይለኛል?»

ጠርሙሶቹን ዳግም ልጠቀምባቸው አልችልም፤ ወተትም ጭስም የየራሳቸው ሰልፈር አላቸው። ሴትዮዋ ፊቴን አዩ።

«መዓሊማድ ተቆጣች?» ሲሉ ጋሽ ተስፋዬን ጠየቁ። አስተማሪዋ ማለታቸው ነው።

«አልተቆጣሁም በላቸው» አልኩ፤ ለጋሽ ተስፋዬ «በሏቸው» ማለት እንኳ ጠፋኝ። «የደፉበትን ያሳዩኝ።»

ጓሮ ሄድን። ጭቃው አሸዋው ላይ ተዘርግቷል። መሐሉ ገና ጥቁር ነው፤ ዳሩ ግን ዝገት መስሏል። በአንድ ምሳ ጊዜ። በጣቴ እያሳየሁ፣ «ይኸው፣ አየር ነካው። ውስጡ ያለው ሰልፈር ኦክስጅን ሲያገኝ የያዘውን ብረት መልቀቅ ይጀምራል። እርሳሱንም ቀስ በቀስ ሊለቀው ይችላል» አልኩ።

ኤዶ ሆዳን ቁጢጥ ብለው ዳሩን በእንጨት ጫሩት። ከላይ ቡናማ፣ ከሥሩ ጥቁር።

«እኛ በየዓመቱ ብርካውን ስንጠርግ ጭቃውን አፋፉ ላይ ነው የምንከምረው» አሉ። «እንዲደርቅ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝናብ ይመጣል» አሉና ተነሱ። ወደ ብርካው እየተራመዱ፣ «ነይ፣ መሰላሉን እኔ እይዝልሻለሁ።»

ከመድኃኒት ሳጥናችን ስድስት አዲስ ሲሪንጅ አወጣሁ። ዳግም ወርጄ ጭቃው ውስጥ አስገብቼ ሳብኩ፤ ገፊውን ትንሽ ስገፋ የገባው አየር ወጣ። ጫፋቸውን በጎማ ዘግቼ በፕላስተር ጠቀለልኩ። ከጠርሙሱ ይልቅ ይህ ይሻል ነበር፤ ጠዋት አላሰብኩትም። ኤዶ ሆዳን ከላይ ሆነው አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጠሩልኝ። የጠርሙሶቹን ወተት እርሳስ ነክቶት ይሆናል ብለን ትተን፣ ኤዶ ሆዳን በሌላ ዕቃ የቀዱልንን መንገድ ላይ ጠጣነው።

ጅጅጋ፣ ማታና ከዚያ በኋላ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባን። ሲሪንጆቹን ኮሌጁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ዓርብ ሄዱ። በአሥረኛው ቀን ባልደረባዬ ግራፎቹን ላከችልኝ። የሰልፈሩ ዋና ዝላይ ዝቅተኛው ጉልበት ላይ ነው፤ ኦክስጅን ያለበት ሰልፈር ጥቂት ብቻ ታየ። የእርሳሱም ሞገዶች ከጎኑ ያለው ሰልፈር መሆኑን ይናገራሉ። በዚያው ሌሊት የምለውን በወረቀት አዘጋጀሁ፤ ጭቃው እርጥብ እንዳለ ይውጣ፣ ሳይደርቅ በዚያው ቀን ይቀበር፣ አዲሱ ውሃም ሳይመረመር አይጠጣ።

በማግስቱ ጋሽ ተስፋዬን አጠገቤ አስቀምጬ ደወልኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር ማብራሪያዬ ረጅም መሆኑን ነው። ገና ስለ ሰልፈሩ ስጀምር ኤዶ ሆዳን አቋረጡኝ።

«ጭቃው የሚቀበርበትን ጉድጓድ ካስቆፈርኩ ስምንት ቀን ሆነኝ» አሉ። «ከብርካው በታች፣ ጎርፍ ጭቃውን መልሶ ከማያመጣበት ቦታ። እሺ እስክትይኝ ነው የምጠብቀው።»