የብዙነህ ጃኬት ከላስቲክ ሲወጣ

አልታየሽ ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ ባስ ትነዳለች፣ ሄቪ ሜታል ትሰማለች። ይህን የሚሰማ የሀበሻ ሰው ባሱ ላይ ይስቃል፤ ሄቪ ሜታሉ ጋ ሲደርስ ያማትባል። እሷ እቴ! ሰው አማተበ ብላ ድምፅ የምትቀንስ ሴት አይደለችም።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መግቢያ ላይ ነው። በሱዳን በኩል አምልጣ ለንደን ስትገባ ገና ኮረዳ ነበረች፤ ያገኘችውም ሥራ ሃመርስሚዝ ውስጥ የአንድ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ሽንት ቤት ማጽዳት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙዚቀኞቹ ድምፅ ሲሞክሩ ባልዲዋ ውስጥ ያለው ውሃ ተንቀጠቀጠ። ሌሎቹ ጽዳቶች ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። እሷ መወልወያዋን እንደያዘች በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። አገር ቤት ወንድሟን ደርግ ሲገድለው ቤተሰቡ እንዳያለቅስ ተከልክሎ ነበር፤ እናቷ ትራስ ነክሰው ነው ያለቀሱት። እዚህ ግን አንድ ፀጉሩን ያንዠረገገ ፈረንጅ ማንንም ሳይፈራ፣ አንጀቱ እስኪበጠስ ይጮኻል። አልታየሽ እዚያው ቆማ እንባዋን ለቀቀችው። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት!

ብዙነህን ያገኘችው ካሌዶኒያን ሮድ፣ ሀበሾች የሚሰበሰቡበት ካፌ ውስጥ ነው። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ተኝቷል። ጥቁር የቆዳ ጃኬቱ የባንዶች ስም በተጻፈባቸው ጨርቆች ተጥፎ ቆዳው አይታይም፤ ጀርባው ላይ በትልቁ ጁዳስ ፕሪስት የሚል ተሰፍቷል። ይህን ያነበቡ አንድ ዲያቆን፣ ቄስና ይሁዳን ምን አገናኛቸው ብለው ስንት ዓመት ሙሉ አኩርፈውታል። ብዙነህ ግን ቅዳሴ አያስታጉልም ነበር፤ ጃኬቱን ደጅ አውልቆ ነጠላውን አጣፍቶ ይገባል፣ ሲወጣ መልሶ ይለብሳል።

ሁለቱ ፍቅረኛሞች ናቸው ተባለ። አልነበሩም። እሱ ሳያገባ ኖረ፣ እሷ አግብታ ፈታች፤ ኮንሰርት ግን አብረው እየሄዱ አረጁ።

ባለፈው ኅዳር ብዙነህ በካንሰር ሲያልቅ አልጋው አጠገብ የነበረችው እሷ ናት።

«አልቱ» አላት፤ «ስሞት ሌላ ሰው አድርገው እንዳያለቅሱኝ።»

«አንተ ብቻ ለመሞት አትቸኩል። እሱን ለእኔ ተወው» አለችው። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች።

ቀብሩ እንደ ሥርዓቱ ሆነ። በነጭ ተገነዘ፣ ፍትሐት ተደረገለት፤ በዚህ አልታየሽ ቅር አላላትም፤ ሰውየው ክርስቲያን ነበር። ጉዱ የፈላው ለቅሶው ላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞልቷል። ፊት ለፊት የተሰቀለው ፎቶግራፍ አገር ቤት ተማሪ ሳለ የተነሳው ነው፤ ፀጉሩ ተከርክሟል፣ ከረባት አስሯል። ሙሾ የሚያወርዱት እማማ ኤልፍነሽ የሟች ልብስ ካልወጣ አላለቅስም የሚሉ የአገር ቤት ሴት ስለሆኑ፣ ወንበር ላይ አንድ ሰማያዊ ሱፍ ተዘርግቷል። አልታየሽ ሱፉን ተጠግታ አየችው። ብዙነህ ሱፍ ለብሶ አይታው አታውቅም። እጅጌውም ለእሱ አይደርስም።

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

የብዙነህ ታናሽ ወንድም ደምመላሽ መሬት መሬት እያየ «የኔ ነው» አላት። ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው፤ ጭምት፣ ሰው ምን ይለኛል የሚል ሰው። «እትዬ አልታየሽ፣ በሞቴ፣ ዛሬ አታዋርጂን።»

«ጃኬቱስ?»

ወደ እንግዶቹ ዞረ። ንፍሮ ልታቀርብ ጓዳ ስትገባ ግን ከቆሻሻ መጣያው ጎን አንድ ጥቁር ላስቲክ ተቋጥሮ አየች። የጃኬቱ እጅጌ በቀዳዳው ወጥቷል። ደሟ ፈላ። ወንድሟን እንዳታለቅስ የከለከሏት ጠመንጃ የያዙ ናቸው፤ እነዚህ ምን ይዘው ነው? ንፍሮውን አስቀምጣ ቋጠሮውን ፈታችና ጃኬቱን ይዛ ወጣች። ሱፉን አጣጥፋ ለደምመላሽ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ዘረጋችው። ጀርባው ወደ ሕዝቡ ነው።

አዳራሹ አጉረመረመ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ኪዳነማርያም ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ልጄ፣ ይሄ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን እርስዎ አገር አዳኝ ሲሞት ለቅሶው ላይ ምንድን ነው የሚወጣው?»

«ጠመንጃው ነዋ።»

«የዚህ ሰው ጠመንጃ ይሄ ነው።»

ጋሽ ኪዳነማርያም ወደ ወንበሩ አንድ እርምጃ ተራመዱ። አልታየሽ ዕድል አልሰጠቻቸውም። ባስ ውስጥ ሰካራም የምታስወርድበትን ድምፅ አውጥታ የብዙነህን ሙያ መቁጠር ጀመረች።

«በፈረንጆቹ ሰማንያ ዶኒንግተን የሚባል ሜዳ ላይ የሜታል ትልቁ ድግስ መጀመሪያ ሲደገስ፣ ጭቃው ውስጥ ቆሞ ነበር! በሰማንያ ሁለት የምሥራቅ ለንደን ልጆች፣ አይረን ሜይደን፣ ከአገሩ ዘፋኝ ሁሉ በላይ ሲወጡ ከማያውቀው ሰው ጋር መንገድ ላይ ተቃቅፎ ጨፍሯል! በሰማንያ አምስት የኛ ሰው በረሃብ ሲረግፍ፣ እናንተ ሰይጣን የምትሏቸው የሜታል ዘፋኞች ተሰብስበው ለአፍሪካ ረሃብተኛ ዘፈኑ። ሸክላው ሲወጣ በየካፌው ዞሮ የሸጠው ማነው? ጋሼ፣ እርስዎም ገዝተዋል! በሰማንያ ስድስት ሜታሊካ ሃመርስሚዝ ሲመጡ አብረን ነበርን። በዚያው ሰሞን ባስ ጊታር የሚመታው ልጅ በመኪና አደጋ ሲሞት፣ ብዙነህ ሻማ አብርቶለታል!»

እማማ ኤልፍነሽ ከዚህ ውስጥ የገባቸው ጭቃው ብቻ ነው። በቃ፣ ለእሳቸው በቂ ነበር። ደረታቸውን መታ አድርገው ተነሱ።

«ዝናብ ቢወርድበት ጭቃውም ቢውጠው፣
ፊት መስመር ነው እንጂ ኋላ መች አየነው!»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። የብዙነህ ለቅሶ የዚያን ጊዜ ለቅሶ ሆነ።

ደምመላሽ ተነስቶ ወደ ወንበሩ ሄደ። አልታየሽ ጃኬቱን ሊያነሳው ነው ብላ ፊቱ ተገተረች። ለመደባደብም አታፍርም ነበር።

«ሰማንያ ስምንቱን አልተናገርሽም» አላት።

«የዚያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። እሱም አውርቶልኝ አያውቅም።»

«እንዳያወራ አስምዬው ነው።» ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ዶኒንግተን ወሰደኝ። ለንደን ከገባሁ ወር አልሞላኝም። ሕዝቡ ከፊት ተረጋገጠ። የዚያን ቀን ሁለት ልጆች ሞተዋል። እኔም ወድቄ ነበር፤ ሰው ላዬ ላይ ነበር። ብዙነህ ጎትቶ አወጣኝ። ስንጥጥ ያለው እጅጌ ይኸው፤ እኔ የያዝኩት ነው። ከዚያ በኋላ ጃኬቱን ባየሁ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኛል። ለዚህ ነው የጠላሁት። ለዚህ ነው ላስቲክ ውስጥ የከተትኩት።»

አልታየሽ ከመንገዱ ገለል አለች። 

ደምመላሽ ጃኬቱን አነሳና ለበሰው። ትከሻው ላይ ሰፋው፤ ትንፋሹን በረጅሙ ሳበ።

ጋሽ ኪዳነማርያም ቀስ ብለው «እሺ፣ አለቀስክ፤ አሁን አውልቀው እንጂ። ሐዘንተኛ እኮ ነህ» አሉት።

«ጥቁር አይደለም እንዴ ጋሼ?» አለ ደምመላሽ ዚፑን እስከ አንገቱ እየዘጋ። «ከሌ ይሄ ነው። እስከ ሙት ዓመቱ አላወልቀውም።»