ያቤጽ ብቻውን ሲበላ

እልፍነሽ የበኩር ልጇን ሊድያን ትኩሳት ነጥቋት ከቀበረች ወዲህ ዝም ያለች ሴት ሆነች። «በርቺ» ሲሏት ትበረታለች፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች፤ ከዚያ ጎዳሬዋን ልትቆፍር ትወጣለች። ከጂንካ ወጣ ብላ ባለችው መንደር የእሷን ያህል ሥራ የሚወድ የለም ተባለ። የሥራ ፍቅር መስሏቸው ነው እንጂ፣ ቁጭ ካለች የምታደርገው ጠፍቷት ነበር።

በዚያው ዓመት ዝናቡ ቀረ፣ በቆሎው ደረቀ፣ ጡቷም ነጠፈ። የመጨረሻው ልጇ ያቤጽ ገና እህል መቅመስ መጀመሩ ነበርና ከሳ። ክሳቱን አላየችም አይባልም፤ አይታለች። ግን «ይኼም ሊሄድ ነው» ብላ አስቀድማ ልቧን ከእሱ አነሣች። እናት እንዲህ ታስባለች ወይ የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ልጅ ቀብሮ ይምጣና ያውራን።

ጎትቶ ጤና ጣቢያ የወሰዳት ባሏ ቶላ ነው። ሲስተር ትዕግስት የሕፃኑን ክንድ ለክታ ፊቷ ጠቆረ። ከለውዝ የተሠራ፣ በትንንሽ ላስቲክ የታሸገ ምግብ ሰጠቻቸውና፣ ይህ መድኃኒቱ ነው፣ ለሌላ ልጅ እንዳትሰጪ ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀች። እልፍነሽም እሺ አለች።

እሺ ማለት ምን ገዶ! ቤት ስትገባ ግን ሌሎቹ ልጆቿ ቤቴልና እዮብ ከፊቷ መጥተው ተቀመጡ። እሷ ባደገችበት ቤት የሚያይ ልጅ እያለ አንዱን ነጥሎ ማብላት ነውር ነው፤ ያላገኘው ልጅ ዓይንም የበላውን ያሳምመዋል ይባላል። አማርኛውስ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል አይደል የሚለው? ስለዚህ ላስቲኩን ቀደደችና ለሁሉም በጣት በጣት አካፈለች፤ ያቤጽን ከዓይን ያዳነች መስሏት።

ልጁ ይወፍራል ሲባል ጭራሽ ቀነሰ፣ እግሩም አበጠ። ተመልሰው ሲወስዱት ሲስተር ትዕግስት ይበላል ወይ አለች፤ ይበላል አሏት። ከማን ጋር ብላ ስትጠይቅ እልፍነሽ ከወንድምና እህቱ ጋር ነዋ አለች። ሲስተሯ አልተቆጣችም። አጠገቧ ቁጭ ብላ እጇን ያዘች።

«እልፌ፣ ካካፈልሽው ይሞትብሻል። በሩን ዝጊና ለብቻው አብዪው።»

ዘጋች። ጠዋት ማታ «ያቤጽ እንዳይሞት ውጡ» ትላለች፣ ይወጣሉ። እዮብ ጨዋታው ይበልጥበታል፣ ይሮጣል። የአምስት ዓመቷ ቤቴል ግን ደጃፉ ላይ ቆማ ላስቲኩ ሲቀደድ ትሰማለች። አታለቅስም፣ አታንኳኳም። እልፍነሽ ከበሩ ሥር የልጅቷን እግር እያየች ታበላለች። ምንም አይሰማትም ነበር።

ያቤጽ ዳነ። እብጠቱ ጎደለ፣ ጉንጩ ሞላ፣ መሳቅም አመጣ። ሲስተር ትዕግስት እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ቶላ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ መሰከረ። እልፍነሽን እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት እንኳን አብሮ አለች፤ ደስታው ግን ለሰው አደራ የያዘችው ዕቃ እንጂ የራሷ አልመስል አላት።

ዝናብ ገብቶ በቆሎ ሲደርስ፣ ሕፃኑ ከቤተሰቡ ገበታ ይብላ ተባለ። የዚያን ቀን እልፍነሽ ገንፎ አገነፋች፣ ጎመን ከትፋ ጨመረችበት፣ ቅቤም ጣል አደረገች። ሁሉንም ጠርታ አስቀመጠች። ያቤጽን ልታጎርስ እጇን ስትዘረጋ ቤቴል ብድግ አለች። ማንም ውጪ አላላትም። ወጣችና በሩን ከውጭ ቀስ አድርጋ ገጠመችው።

እልፍነሽ ጉርሻውን እንደያዘች ተነሥታ ከፈተች። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ነይ ግቢ ልጄ፣ የሁላችሁም ነው» አለቻት።

«እሱ ይጨርስ» አለች ቤቴል። «እኔ ካየሁት ይሞታል።»

እልፍነሽ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷን ወደ ጭኗ ሳበቻትና ገንፎው እስኪበርድ ድረስ አልተነሣችም።