እኩያ ያልሆኑ ከዋክብት

በንጉሡ ዘመን ሱሉልታ ውስጥ ሳይንስ ሳስተምር ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቁመቴ አጭር፣ ምላሴ ግን ረጅም። አንድ ቀን ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ድንክ ጋላክሲዎች አወራኋቸው፤ የእኛ ጋላክሲ ትልቅ የከዋክብት ከተማ ቢሆን እነዚህ በዙሪያው ያሉ ትንንሽ መንደሮች ናቸው። የአንዱ መንደር ከዋክብት እኩያ አይደሉም አልኩ። ጥንት የተወለዱ ቀያዮች አሉ፤ በኋላ የመጡ ሰማያዊዎችም አሉ። ሰማያዊ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ስለሚጨርስ ብዙ አይቆይም። እሱ ከታየ፣ እዚያ መንደር በቅርቡ ልደት ነበር ማለት ነው።

ልጆቹ ወሬውን ቤታቸው አደረሱት። በማግስቱ ዳይሬክተሩ ጠራኝ።

«ከዋክብት በፍጥረት ሳምንት ረቡዕ ዕለት ተፈጥረው አልቀዋል! ወላጆች ተቆጥተዋል። እሁድ ስብሰባው ላይ ‹ተሳስቻለሁ› ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ አለዚያ ሥራሽን ትለቂያለሽ» አለኝ።

ሥራዬን እወደው ነበር። ይቅርታው ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ለእግዜር ሥራ የቀን ገደብ ያበጀሁት እኔ ነኝ እንዴ?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ተሰበሰቡ። ወረቀቱ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አልኩና ሁሉንም ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ይዣቸው ሄድኩ። በእኛ አገር ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው አይነቀልም፤ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ይተዋል።

«ይህ ዛፍ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩ።

የተከሉት ሽማግሌ ቀደሙ። «ሠላሳ አልፎታል። ጉቶውን አታዪም?»

አንድ የእንጨት ነጋዴ ሳቀ። «ኧረ ኦቦ፣ ምን ሠላሳ! ቅጠሉን ይዩት እንጂ፣ ገና ሰማያዊ ነው። ሁለት ክረምት ቢያይ ነው።»

እዚያው ተያያዙ። ገሚሱ ከጉቶው፣ ገሚሱ ከቀንበጡ ወገነ፤ አማርኛውን ትተው በኦሮምኛ ይጯጯሁ ጀመር። እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ፦ «ሁላችሁም ልክ ናችሁ! ጥንት በቀለ፣ ተቆረጠ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አቆጠቆጠ። ስለ ሰማይም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

ሽማግሌው ጉቶውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉት። «ዱጋ! እውነቷን ነው» አሉ።

ዳይሬክተሩ ግን «ዛፍ ዛፍ ነው። ፈርሚ!» አለ። ወላጆቹን አየኋቸው። የልጆቻቸው የፈተና ውጤት በዳይሬክተሩ እጅ ነውና ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ፤ ሽማግሌውም ጭምር። እንዲያ የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ብዕሩን ተቀበልኩና «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ሰርዤ፣ ከሥሩ «አልተሳሳትኩም» ብዬ በሙሉ ስሜ ፈረምኩ።

ሰኞ ሥራ አልነበረኝም። ግን በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፌን ጠግቤ ነበር የተነሣሁት።